ለሥልጠና ጉባኤ ገንዘብ ከመጠየቅዎ በፊት ምሳውን ማን እንደሚከፍል ይወቁ

ውድ እህቴ፣ ጥያቄዎን ትናንት ማታ አነበብኩት። ማካክ በተባለውና በሌሎች ጦጣዎች ሞዴልነት፣ ማለትም የሰውን በሽታ በእንስሳ ላይ በማስመሰል፣ ኤችአይቪን የሚያጠኑ ጀማሪ ተመራማሪዎች የሚሠለጥኑበት የሦስት ቀን ጉባኤ ባሕር ዳር ላይ ለማዘጋጀት ማሰብዎን፣ ሁለት አሠልጣኞች ከአሜሪካ ለመምጣት ቃል እንደገቡልዎ፣ ገንዘቡን ግን ከማን እንደሚጠይቁ ግራ እንደገባዎት ጽፈዋል። እኔም እንዲህ ያለ ጉባኤ በ2015 ዓ.ም. የካቲት መጨረሻ ላይ እዚሁ ከተማ አዘጋጅቼ ነበር። ጉባኤው ተሳክቷል፤ እኔ ግን የዘጠኝ ወር ደመወዜን የሚያህል ገንዘብ ከፍዬበታለሁ። ስለዚህ የፕሮፖዛል አጻጻፍ ምክሩን ለሌሎች ትቼ፣ በጊዜው ማንም ያልነገረኝን ልንገርዎ።

አንደኛ፣ ሁሉም ሰው መጀመሪያ የሚጠቁምዎ የአሜሪካው ብሔራዊ የጤና ምርምር ተቋም (ኤንአይኤች) ለጉባኤዎች የሚሰጠውን አር 13 የተባለ ድጋፍ ነው። እኔም አምስት ወር ሙሉ የለፋሁት በእሱ ላይ ነበር። እኔ በሞከርኩበት ጊዜ ደንቡ ከአሜሪካ ውጭ ያለ ተቋም በራሱ ስም እንዲያመለክት አይፈቅድም ነበር፤ ይህንን ያወቅሁት በጀቱን ሠርቼ፣ የተቋሜን ማኅተም አስመትቼ፣ የአሠልጣኞቹን የትምህርትና የሥራ ማስረጃ ሰብስቤ ከጨረስኩ በኋላ ነው። የአሜሪካ ተቋም በስሙ ቢያመለክትልዎ እንኳ፣ ማመልከቻው ከመግባቱ ቢያንስ ስድስት ሳምንት ቀደም ብሎ ለሚመለከተው ኢንስቲትዩት ተጽፎ የማመልከቻ ፈቃድ ደብዳቤ መገኘት አለበት፤ ያ ደብዳቤ ያልተያያዘበት ማመልከቻ ሳይገመገም ይመለሳል። ለኤችአይቪ ነክ ማመልከቻዎች የነበሩት የማስገቢያ ቀኖች በፈረንጆቹ አቆጣጠር ጃንዋሪ 7፣ ሜይ 7 እና ሴፕቴምበር 7 ነበሩ። ደንቡ ስለሚቀያየር የዘንድሮውን ራስዎ ያረጋግጡ፤ ማረጋገጡን ግን በጀት ከመሥራትዎ በፊት ያድርጉት።

ለእኔ በር የከፈተልኝ ሌላ መንገድ ነው። አሜሪካ ውስጥ ሰባት ብሔራዊ የፕራይሜት (የጦጣና የዝንጀሮ ወገን እንስሳት) ምርምር ማዕከላት አሉ፤ በዴቪስ፣ በቢቨርተን፣ በሲያትል፣ በማዲሰን፣ በሳን አንቶኒዮ፣ በኮቪንግተንና በአትላንታ። በጦጣ ሞዴል ኤድስን የሚያጠና ሰው አብዛኛውን ጊዜ ከእነዚህ ከአንዱ ጋር ይገናኛልና፣ ቃል የገቡልዎ አሠልጣኞችም ከእነዚሁ ወገን እንደሚሆኑ እገምታለሁ። እንደዚያ ከሆነ ለአውሮፕላን ቲኬታቸው አዲስ ገንዘብ አይፈልጉ። ቀድሞ በእጃቸው ባለው የምርምር ድጋፍ ውስጥ የጉዞና የሥልጠና ወጪ እንዳለ በትሕትና ይጠይቋቸው። የእኔ አሠልጣኞች በራሳቸው ላቦራቶሪ ወጪ ስለመጡ በጀቴ በግማሽ ቀነሰ፤ በጀቱ በመቀነሱም ትልልቆቹን ለጋሾች ትቼ አንድ ትንሽ የውጭ ለጋሽ ለመጠየቅ ቻልኩ። የኤንአይኤች አካል የሆነው የፎጋርቲ ዓለም አቀፍ ማዕከል ዲ 43 በተባለው የሥልጠና ድጋፍ እንደ እኛ ባሉ አገሮች ያሉ ተመራማሪዎችን ያሠለጥናል፤ ይህንን ድጋፍ የያዘ ፕሮፌሰር በአካባቢዎ ካለ አጭር ሥልጠናን በዕቅዱ ውስጥ ማስገባት ይችላልና ያነጋግሩት።

ሁለተኛ፣ ናሙና አምጥቶ በእጅ የሚሠራ ላቦራቶሪ ለማሳየት አይመኙ። እኔ ተመኝቼ ነበር። ማካክ በአብዛኛው የእስያ እንስሳ ነው፤ ሳይንሱ የሚሠራበት ሪሰስ ማካክ እኛ ዘንድ የለም። የፕራይሜት ዝርያዎች በሙሉ ሳይተስ በተባለው፣ የዱር እንስሳትና ዕፅዋት ንግድን በሚቆጣጠረው ዓለም አቀፍ ስምምነት ዝርዝር ውስጥ ስላሉ፣ በትንሽ ብልቃጥ የተቀመጠ የደም ናሙና እንኳ ድንበር ሲሻገር የፈቃድ ጉዳይ ያስነሣል፤ ለሦስት ቀን ሥልጠና ሲባል የስድስት ወር የፈቃድ ደጅ ጥናት አያዋጣም። እኛ የተጠቀምነው የታተሙ ጥናቶችን ጥሬ ቁጥር ነው። ስድስት ስድስት እንስሳ ባላቸው ሁለት ቡድኖች መካከል የታየ ልዩነት መቼ እንደሚታመን፣ ማሙ-ቢ 08 ወይም ማሙ-ቢ 17 የተባለውን የዘር ምልክት የያዙ ማካኮች ያለ ክትባትም ቫይረሱን ሊቆጣጠሩ ስለሚችሉ በአንድ ቡድን ውስጥ ሳይታወቅ ቢከማቹ ውጤቱን እንዴት እንደሚያዛቡ፣ እ.ኤ.አ. በ2007 የቆመው ስቴፕ የተባለ የኤችአይቪ ክትባት ሙከራ በማካክ ላይ ተስፋ ሰጥቶ በሰው ላይ ለምን እንዳልሠራ፣ ይህንን ሁሉ በላፕቶፕ ብቻ አስተማርን። ለዚህ የሚያስፈልገው አዳራሽ፣ የማይቋረጥ መብራትና ጥሩ አሠልጣኝ ነው። ጄኔሬተር ያለው አዳራሽ መሆኑን ሄደው፣ አስነሥተው፣ ድምፁን ሰምተው ያረጋግጡ።

ደግሞም እንስሳው ከፈለጉ ሩቅ አይደለም። በሁለተኛው ቀን፣ ረፋድ ላይ በነበረው የሻይ ዕረፍት፣ ሐይቁ ዳር ካለው ትልቅ ሾላ ላይ አንዲት ጦጣ ግልገሏን ከሆዷ ሥር አንጠልጥላ ወረደችና፣ ከጠረጴዛው ጫፍ አንድ የምስር ሳምቡሳ አንሥታ ወደ ቅርንጫፏ ተመለሰች። ሠልጣኙ ሁሉ ስልኩን አወጣ። አሠልጣኙ ግን የቡናውን ስኒ አስቀመጠና «ከሰዓት በኋላ የማስተምራችሁ ስለዚህች ነው» አለ። ከዚያም እዚያው ሾላው ሥር ቆሞ፣ ይህ ግሪቬት የሚባለው የእኛ አገር ጦጣ ዝርያ የራሱ የሆነ ኤስአይቪ የተባለ፣ የኤችአይቪ ዘመድ የሆነ የጦጣ ቫይረስ እንዳለው፣ ቫይረሱ በደሙ ውስጥ በብዛት እየተራባ ተሸካሚው ጦጣ እንደማይታመም፣ ያው ዓይነት ቫይረስ ወደ ማካክ ሲተላለፍ ግን ወደ ኤድስ ሊያደርስ እንደሚችል አስረዳን። የአፍሪካ ጦጣዎች ከመጀመሪያው የኢንፌክሽን ወቅት በኋላ የመከላከያ ሥርዓታቸውን ቁጣ እንደሚያበርዱና የአንጀታቸው ግድግዳ ሳይጎዳ እንደሚቆይ፣ የማካኩና የሰው ሥርዓት ግን እየነደደ እንደሚኖር ሲናገር፣ ከጎንደር የመጣች አንዲት ሠልጣኝ ሳምቡሳውን የምትገምጠውን ጦጣ ቀና ብላ እያየች ማስታወሻዋ ላይ ትጽፍ ነበር። ያቺ ልጅ ዛሬ የሦስተኛ ዲግሪዋን በዚሁ ጥያቄ ላይ እየሠራች ነው። ጉባኤው ባሕር ዳር ላይ መደረጉ ትክክል እንደነበር ከዚያች ደቂቃ በኋላ ተጠራጥሬ አላውቅም።

ሦስተኛውን ምክር በቁጥር ጀምሬ በታሪክ ልጨርሰው ነውና ይታገሡኝ። የዚያ ዕረፍት ሻይ፣ ቡናና ሳምቡሳ ሒሳቡ በመጨረሻ በእኔ ስም ተጻፈ።

ለጋሹ ድጋፉን ማጽደቁን የገለጸልኝ በአራት ገጽ ደብዳቤ ነበር። የመጀመሪያውን ገጽ፣ የገንዘቡን መጠን የያዘውን፣ ለባለቤቴ ጮክ ብዬ አነበብኩላት። ሦስተኛውን ገጽ አላነበብኩትም። እዚያ ላይ ምግብና መጠጥ በዚህ ድጋፍ እንደማይሸፈን በአንድ አጭር ዓረፍተ ነገር ተጽፎ ነበር። ይህ የአንድ ለጋሽ ጠባይ ብቻ አይደለም፤ አር 13ም ቢሆን ለምግብና ለመጠጥ አይከፍልም። የጉዞ፣ የማደሪያ፣ የአዳራሽና የኅትመት ወጪ ይከፍላሉ፤ ምግቡን ተሳታፊው ከኪሱ ይበላል ብለው ያስባሉ። በእኛ አገር ደግሞ ሰውን ከጅማና ከጎንደር ጠርቶ ቀኑን ሙሉ አስቀምጦ ሻይ አለማቅረብ ነውር ነው። ስለዚህ የምሳውን ገንዘብ ራሱን በቻለ መስመር ሳላስቀምጥ፣ «የአዳራሽ አገልግሎት» በሚለው ውስጥ ተጠቃሎ ያልፋል ብዬ ገመትኩ። ሆቴሉ በእርግጥ በአንድ ላይ ዋጋ ሰጥቶኝ ነበር፤ ደረሰኙን ሲቆርጥ ግን ዘርዝሮ ቆረጠ።

ቁጥሩን እንዲያዩት ልጻፈው። ሠልጣኝና አሠልጣኝ አንድ ላይ 42 ሰው ነበርን። ምሳ በሰው 350 ብር፣ ሻይ በቀን ሁለት ጊዜ እያንዳንዱ 90 ብር፤ በአጠቃላይ በሰው በቀን 530 ብር ይሆናል። ለሦስት ቀን 66,780 ብር ሆነ። በዚህ ላይ 10 በመቶ የአገልግሎት ክፍያ፣ በዚያም ላይ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ ሲጨመር 84,476 ብር ከ70 ሳንቲም ደረሰ። ይህንን ጾም ስለነበረ በበያይነቱና በሽሮ ነው የበላነው፤ የፍስክ ወቅት ቢሆን ኖሮ ከዚህም በላይ በሄደ ነበር።

ገንዘቡን ከተቋሜ ያወጣሁት በቅድሚያ ክፍያ፣ በስሜ ተሰብሳቢ፣ ማለትም እስካወራርድ ድረስ በእኔ ላይ የተመዘገበ ዕዳ፣ ሆኖ ነው። ሒሳብ ላወራርድ ደረሰኞቼን በቅደም ተከተል ለጥፌ ወደ ፋይናንስ ገባሁ። ፋይሉ አሥራ አንድ ቀን ጠረጴዛ ላይ ተቀመጠ። በአሥራ ሁለተኛው ቀን ስጠራ፣ በዕድሜ እኩያዬ የሆነ ኃላፊ ወንበር ሳያሳየኝ፣ በአንተ እያለኝ፣ ደረሰኙን በሁለት ጣቱ ከፍ አድርጎ «የዝንጀሮ ሠርግ ነው እንዴ የደገስከው?» አለኝ። ክፍሉ ውስጥ የነበሩት አራት ሠራተኞች ሳቁ። የለጋሹ ደብዳቤ ሦስተኛ ገጽ በቢጫ ቀለም ተሰምሮበት ፊቴ ተቀመጠ። እሱ ትክክል ነበር፤ ዓረፍተ ነገሩ እዚያ አለ። የሳቁት ግን ትክክል አልነበሩም፤ ከዚያ ክፍል የወጣሁበትን ስሜት እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። ለለጋሹ ጽፌ ለመንኩ፤ በጨዋ ቃል እንደማይቻል መለሱልኝ። ተሰብሳቢው እስካልተዘጋ ድረስ ክሊራንስ አላገኝም፤ ክሊራንስ ከሌለኝ ደግሞ ያገኘሁትን የትምህርት ዕድል መጀመር አልችልም ነበር።

በዚያ ወር የዕቁብ ዕጣ ወጥቶልን ነበር፤ 60,000 ብር። ለቤታችን ቆርቆሮ የታሰበ ገንዘብ ነው። ባለቤቴ ምንም ሳትናገር ከሣጥን አውጥታ ሰጠችኝ፤ «ደብዳቤ ሲመጣ ከእንግዲህ እኔ አነብልሃለሁ» ብቻ አለች። ቀሪው 24,476 ብር ከ70 ሳንቲም ከደመወዜ በየወሩ 2,000 ብር እየተቆረጠ አሥራ ሦስት ወር ፈጀ። ከዚያ ወዲህ የሚመጣውን ደብዳቤ ሁሉ በእርግጥም እሷ ታነበዋለች።

ስለዚህ እህቴ፣ ለማንኛውም ለጋሽ የመጀመሪያውን መልእክት ሲጽፉ «ምን ይከፍላሉ?» ብለው አይጠይቁ። «ምን አይከፍሉም?» ብለው ይጠይቁ፤ መልሱንም በጽሑፍ ይያዙ። የማይከፍሉትን ለብቻው በአንድ ገጽ ዘርዝረው ከእያንዳንዱ ጎን ከፋዩን ይጻፉ። ከፋይ ያልተገኘለት መስመር ካለ ቀን አይቁረጡ። ለሆቴሉም ቢሆን የአዳራሹን፣ የማደሪያውንና የምግቡን ውል ለየብቻ ያስጽፉ።

የምግቡን ከፋይ ግን ከየት እናመጣለን ይሉኛል። እኔ ያገኘሁት ከዚያ ስድብ በኋላ ነው። ዝም ብዬ ከወጣሁበት ክፍል ተመልሼ ቤቴ ስደርስ ያልመለስኩትን መልስ በአንድ ገጽ አማርኛ ጻፍኩት። ዛሬ ባሕር ዳር ውስጥ አንዲት እናት ከጤና ጣቢያ የምትወስደው የኤችአይቪ ክኒን ውስጥ ቴኖፎቪር የሚባል መድኃኒት እንዳለ፤ እ.ኤ.አ. በ1995 በታተመ ጥናት ይህ መድኃኒት ማካኮችን በኤስአይቪ ከመያዝ እንደጠበቃቸው፤ በ2001 ለሰው ሕክምና አሜሪካ ውስጥ እንደተፈቀደ፤ በ2012 ደግሞ ከሌላ መድኃኒት ጋር ተጣምሮ ያልተያዘን ሰው ለመጠበቅ እንደተፈቀደ አስቀመጥኩ። ካቦቴግራቪር የተባለው በመርፌ የሚሰጥ መከላከያም እ.ኤ.አ. በ2014 በማካኮች ላይ ውጤቱ ታይቶ በ2021 መጨረሻ ለሰው መፈቀዱን ጨመርኩ። የመጨረሻው አንቀጽ፣ ይህንን ሳይንስ በሚገባ አንብቦ የሚተች ወጣት ከሌለን የሌሎችን ውጤት ተቀብለን ብቻ እንደምንኖር የሚናገር ነበር። የእንግሊዝኛ ቃል አንድም አላስገባሁበትም።

ሁለተኛው ዙር በ2016 ዓ.ም. ሊደረግ ታስቦ፣ በክልሉ በነበረው የጸጥታ ችግርና ኢንተርኔት ለወራት በመቋረጡ ተላልፎ፣ በ2017 ለ26 ሰው ተካሄደ። ያንን አንድ ገጽ ይዤ የገባሁት ወደ ፋይናንስ አልነበረም፤ የተቋሙን የውስጥ የምርምር በጀት ወደሚመሩት ኃላፊ ዘንድ ነው። ቆመው አነበቡት። «ማካክ የሚባለው ይኸ የዘጌው ጦጣ ነው?» ብለው ጠየቁኝ፤ እንዳልሆነ፣ የዘጌው ግን የራሱ ታሪክ እንዳለው ነገርኳቸው። ወንበር ስበው ተቀመጡና ሃያ ደቂቃ አወራን። የሦስቱን ቀን ምሳና ሻይ ከውስጥ በጀት ፈረሙልኝ። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ይበሉ፤ የመንግሥት የበጀት ዓመት የሚጀምረው ሐምሌ 1 ስለሆነ፣ ጥያቄዎ በዕቅድ ውስጥ እንዲገባ ከሚያዝያ በፊት ያቅርቡት። በሰኔ የሚመጣን ጥያቄ ማንም አይሰማውም። ሪኤጀንትና የላቦራቶሪ ዕቃ የሚያስመጡ አዲስ አበባ ያሉ ድርጅቶችም ባነራቸው ከተሰቀለ የአንድ ቀን ሻይ ይከፍላሉ፤ በስልክ ሳይሆን በአካል ሄደው ይጠይቋቸው።

የምንዛሪውን ነገር በአጭሩ ልንገርዎ። የሁለተኛውን ዙር በጀት የጻፍኩት ዶላር በ57 ብር አካባቢ በነበረበት ጊዜ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ ገንዘቡ የተለቀቀልኝ ከእጥፍ በላይ በሆነ ዋጋ ነው። ደስ የሚል ይመስላል፤ ይሁንና የማደሪያውና የአውሮፕላኑ ዋጋም አብሮ ወጣ፤ በአንዳንዱ መስመር ብር ሲተርፍ በሌላው ጎደለ። የተረፈውን ወደ ጎደለው ማዛወር የለጋሹን የጽሑፍ ፈቃድ ይጠይቃል። ስለዚህ በጀትዎን በዶላር ይጻፉ፣ በብር የተሰጠዎትን ፕሮፎርማ ከነቀኑ ያያይዙ፣ የማዛወሩንም ፈቃድ ገና ሲጀመር ይጠይቁ። ይህ ጊዜ ደብዳቤውን ባለቤቴ ስለነበረች ያነበበችው አንድ ሳንቲም በስሜ አልቀረም።

ቀኑን በተመለከተ፣ በጥምቀት ሰሞን አያድርጉት። ወደ ጎንደር የሚሄደው እንግዳ በባሕር ዳር ስለሚያልፍ ክፍል አይገኝም፤ ቢገኝም ዋጋው አይቀመስም። ዐቢይ ጾም ውስጥ ከሆነ ለውጭ እንግዶችዎ ቀድመው ይንገሯቸው፤ የእኔዎቹ ሐይቅ ዳር ተቀምጠው ዓሣ ሲያጡ ግራ ገብቷቸው ነበር።

አንድ ገጹን አማርኛ ጽሑፍና የሁለቱንም ዙር የበጀት ሠንጠረዥ አስቀምጫቸዋለሁ። ከተማ ውስጥ ከሆኑ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ በዩኒቨርሲቲው ፔዳ ግቢ በር ላይ ተገናኝተን በእጅዎ እሰጥዎታለሁ፤ የለጋሽ ደብዳቤ ከደረሰዎ እሱንም ይዘውልኝ ይምጡ፣ ሦስተኛውን ገጽ አብረን እናንብበው።